«እንግዳ ቅር ስላለው ሂጃብሽን አውልቂ» ተባልኩ

ጥያቄ፦ በአንድ የአውሮፓ ኅብረት አገር፣ በግል ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ እሠራለሁ። ሰሞኑን አለቃዬ «አንድ እንግዳ ቅሬታ አቅርቧል፤ አገሩም ሴኩላር ነው፤ ከነገ ጀምሮ ሂጃብሽን አውልቂ» አለኝ። አጠገቤ የምትሠራው ልጅ መስቀሏን እንዳንጠለጠለች ነው። በጽሑፍ የወጣ ደንብ የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ «አገሩ ሴኩላር ነው» ሲባል ብዙ ሰው ዝም ይላል። እርስዎ ግን ዝም አይበሉ። ሴኩላር መሆን ያለበት መንግሥት ነው፤ ለአንዱ እምነት ወግኖ ሌላውን እንዳይጫን። የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆኑ ኖሮ ጉዳዩ ይከብድ ነበር። የእርስዎ አሠሪ ግን የግል ሆቴል ነው።

የእንግዳው ቅሬታ ብቻውን በቂ ምክንያት አይሆንም። ፈረንሳይ ውስጥ አንዲት መሐንዲስ፣ ደንበኛ በሂጃቧ ቅር ስላለው ከሥራ ተሰናበተች። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 የደንበኛ ፍላጎት የሥራው ጠባይ የግድ የሚለው መስፈርት እንዳልሆነ ወሰነ።

አንድ ነገር ግን ልደብቅዎ አልፈልግም። በዚያው ቀን ፍርድ ቤቱ በሌላ ጉዳይ፣ አሠሪ ማንኛውንም የሚታይ የእምነት ምልክት ለሁሉም እኩል ሊከለክል እንደሚችል ተናግሯል። በ2021 ደግሞ አሠሪው እውነተኛ ፍላጎት እንዳለው ማስረዳት አለበት፤ ትልልቁን ምልክት ብቻ መከልከልም አድልዎ ሊሆን ይችላል አለ። ስለዚህ ሆቴሉ ነገ መስቀሉንም የሚከለክል ደንብ ቢያወጣ ክርክሩ ይከብድዎታል። እኔ በበኩሌ ይህን «እኩልነት» አልቀበለውም። መስቀል ሸሚዝ ውስጥ ይገባል። ሂጃብ የት ይገባል?

ተገቢ ክልከላም አለ። በ2013 በስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት (ከኅብረቱ ፍርድ ቤት የተለየ ነው) መስቀል ያደረጉ ሁለት እንግሊዛውያን ሴቶችን ጉዳይ አንድ ላይ አየ። የአየር መንገድ ሠራተኛዋ ረታች፤ ነርሷ ተረታች። ልዩነቱ ደኅንነት ነበር፦ የነርሷን ሐብል በሽተኛ ሊጎትተው፣ ጎንበስ ስትልም መስቀሉ ቁስል ሊነካ ይችላል ተባለ። ከእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ኋላ ግን እንዲህ ያለ አደጋ አይታየኝም።

አሁን ሥራዎን አይልቀቁ፤ ምንም ነገር ላይ አይፈርሙ። ለአለቃዎ አጭር ኢሜይል ይጻፉ፦ «ትእዛዙ በየትኛው ደንብ ላይ ተመሠረተ? መቼ ወጣ? ሁላችንንም ይመለከታል?» የተባሉትን ቃል በቃል፣ ከነቀኑ ይመዝግቡ። ከዚያ ቶሎ ወደ ሠራተኛ ማኅበር ወይም አድልዎን ወደሚከታተለው ተቋም ይሂዱ፤ የክስ ማቅረቢያው ጊዜ በብዙ አገር አጭር ነው።

የባልደረባዎን መስቀል ሲያነሱ ደግሞ «እሷም ታውልቅ» አይበሉ። «እሷ እንደተፈቀደላት ለእኔም ይፈቀድ» ይበሉ። አስቀድመው ያነጋግሯት፤ አጠገብዎ የምትሠራ ናትና ከእሷ የተሻለ ምስክር አያገኙም።