ልኬቱን ማን ያረጋግጥ? ለፍኖተ ሰላሙ ወንድማችን

«የእህል መጋዘን ጣሪያ ትራስ (ጣሪያውን የሚሸከመው የብረት ማዕቀፍ) ልሠራ ተቀብያለሁ። ተቋራጩ በስዕሉ ቁረጥ ይለኛል። ሳይት ሄጄ ልለካ ወይስ የሱ ሥራ ነው?» ብለህ ለጠየቅከው፦ ሄደህ ለካ። ለክተህ ግን ዝም እንዳትል።

1. የስዕሉን ጥግ አንብብ። «ልኬቶች ሁሉ ከሥራ በፊት በሳይት ይረጋገጡ» የሚል ጽሑፍ አይጠፋውም። ነገር ሲበላሽ የሚያወጡብህ እሱን ነው። የአማካሪው መሐንዲስ ማኅተምም አያድንህም። ዲዛይኑን አየሁ ማለት ነው እንጂ ኮለኑን (የአርማታ ምሰሶውን) ለካሁ ማለት አይደለም። የአሜሪካ የብረት ኮንስትራክሽን ኢንስቲትዩት ደንብ አንከር ቦልት (ብረቱን ከአርማታው ጋር የሚያስረውን ብሎን) የመትከሉን ኃላፊነት ለባለቤቱ ወገን ይሰጣል። አሪፍ ነው፤ ግን ቡሬ ላይ ማን ያነብልሃል? አንተን የሚያድንህ ውልህ ነው። ማን ለክቶ ማን እንደሚፈርም እዚያ ላይ ይጻፍ።

2. ኮለኑን ከላይም ለካ። እኔ ቡሬ አካባቢ በሠራሁት መጋዘን ስዕሉ ከኮለን ኮለን 12 ሜትር ይላል። ሁለት ባለ 6 ሜትር አርኤችኤስ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ገጥመህ ጨረስክ ማለት ነው። ከታች ስለካው 12 ልክ ነው። ከላይ ግን አርማታው ሲሞላ ጣውላው ተገፍቶ ኖሮ 12 ከ7 ሳንቲም ሆኖ አገኘሁት።

ለሳይት መሐንዲሱ ነገርኩት። «አንተ ብየድ፤ ልኬት የኛ ነው» አለኝ። የናንተ ከሆነማ ፈርምልኝ አልኩት። አልፈርምም! ጭራሽ ፀሐይ ሜትርህን አርዝሞት ነው ብሎ ሠራተኛ ፊት አሾፈብኝ። 12 ሜትር ብረት በ30 ዲግሪ ልዩነት የሚረዝመው 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ደግሞ ሜትር ሲረዝም ቁጥሩ ያንሳል እንጂ አይበልጥም። ይህን የሚነግረው ብየዳ ሠራተኛ ሲሆን ያማል መሰለኝ።

ብረት ሳልቆርጥ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ግልባጩን ለአማካሪው ቢሮ ይዤ ሄድኩ። መዝገብ ቤቷ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ከንዑስ ተቋራጭ አንቀበልም» አለችኝ። እርግጥ ውሌ ከተቋራጩ ጋር ነው። ግልባጭ መቀበል ግን ምን ያስከፍላል? በሬኮማንዴ ፖስታ ላክሁትና ደረሰኙን ያዝኩ። ከዚያ በኋላ ነው መሐንዲሱም አማካሪውም ሜትር ይዘው የመጡት። አብረን ለካን፣ ሦስታችንም ፈረምን፣ መቀጠያው ተጨማሪ ሥራ ተብሎ ተከፈለኝ።

ጎን ያለውን ብሎክ የያዘው ልጅ በስዕሉ ቆርጦ ነበር። ትራሱ አጠረ። ብረቱን ከኪሱ አውጥቶ እንደገና ከአዲስ አበባ ገዝቶ ዓባይ በረሃን አሻገረ። የተፈረመለት ወረቀት አልነበረውማ።

3. የጨርቅ ሜትር አትጠቀም፤ ይለጠጣል። የኮለን ቁጥር፣ የላይና የታች ርቀት፣ ዲያጎናል (ከጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ ያለው ርቀት) እና ከፍታ ያለበት ወረቀት አዘጋጅ። የመለኪያውን ጉዞ ዋጋህ ውስጥ አስገባው፤ በነፃ አትሂድ። የኔን ወረቀት ናሙና ከፈለግህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።