የ1911ን ለንደን በአማርኛ ለምትጽፉ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ለንደን ውስጥ በአንድ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት የአካባቢ ታሪክ ክፍል ለሃያ ስድስት ዓመታት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ከአገር ቤትም ከዚህም የምትጽፉልኝ ወጣቶች ቁጥር እየጨመረ መጥቷል። ጥያቄያችሁ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ የሚፈጸም ልብ ወለድ በአማርኛ ጀምራችኋል፣ ነገር ግን ዘመኑን ከየት ጀምራችሁ እንደምታጠኑት ግራ ገብቷችኋል። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በቅርቡ አንዲት ልጅ የላከችልኝ ረቂቅ ነው። ታሪኩ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1911 በእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የዘውድ በዓል ላይ ኢትዮጵያን ወክለው ከሄዱት፣ በኋላ ራስ ከተባሉት ካሣ ኃይሉና በኋላ ብላቴን ጌታ ከተባሉት ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጋር መጥቶ ለንደን ስለ ቀረ አንድ አሽከር ነው። አሽከሩ የልጅቱ ፈጠራ ነው፤ ጉዞው ግን እውነት ነው። ልጅቱ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ፓርላማውና ስለ ግዛቱ ስፋት ብዙ አንብባለች። ይሁንና ያ አሽከር ያደረበት ክፍል በምን እንደሚበራ፣ ለእራቱ ስንት እንደ ከፈለ፣ ማን «አንተ» ማንስ «እርስዎ» እንዳለው ከረቂቋ ላይ ላገኝ አልቻልኩም።

እኔ የምላችሁ ከዘመን ሳይሆን ከአንድ ዓመት ተነሡ፣ ከዓመቱም ወደ አንድ መንገድ፣ ከመንገዱም ወደ አንድ ቤት ግቡ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1901 ሲሞቱ የነበረችው ለንደን በ1914 ወደ ጦርነት ከገባችው ለንደን በድምፅም በጠረንም የተለየች ናት። ትልቁ የከተማዋ የአውቶቡስ ኩባንያ የመጨረሻውን በፈረስ የሚጎተት አውቶቡስ ከሥራ ያስወጣው በኦክቶበር 1911 ነው። ስለዚህ በጁን የደረሰ እንግዳ የፈረሱንና የሞተሩን አውቶቡስ በአንድ ጎዳና ላይ ሲጋፉ ያያል፤ የመጣበትን ዓመት በአምስት ዓመት ወደፊት ወይም በአሥር ዓመት ወደ ኋላ ብትገፉት ግን ያ ግፊያ ከዓይኑ ይሰወራል። ዓመቱን በትክክል የያዘ ጸሐፊ እንዲህ ያለውን ትዕይንት ሳይለፋ ያገኘዋል፤ «በዚያ ዘመን» ብሎ የጀመረ ጸሐፊ ደግሞ ከፊልም የተረፈውን ጉምና ሰረገላ ይደግማል።

ቀንና ሰዓት ላይ ለእኛ የተለየ ወጥመድ አለ። የዘውዱ በዓል የተከበረው ጁን 22 ቀን 1911፣ በእኛ ሰኔ 15 ቀን 1903 ነው። የእንግሊዞቹ የሙቀት ወራት ከእኛ ክረምት ጋር ስለሚገጥሙ፣ «ነሐሴ» ብላችሁ ስትጽፉ አንባቢያችሁ ዝናብና ጭቃ ያያል። የዚያ ዓመት ነሐሴ ግን በለንደን እሳት ነበር፤ ኦገስት 9፣ ማለትም ነሐሴ 3፣ በእንግሊዝ ሙቀቱ ከ36 ዲግሪ ሴልሺየስ አልፎ ተመዝግቧል፣ ከዚያ በላይ እስኪታይም እስከ 1990 መጠበቅ ነበረበት። ሰዓቱንም እንዲሁ ተጠንቀቁት። ዛሬ በለንደን በጁን 22 ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው፤ ነገር ግን በሙቀቱ ወራት ሰዓትን ማስቀደም የተጀመረው በሜይ 1916 ስለሆነ፣ የዚያ ምሽት ሰው የኪስ ሰዓቱን ቢያወጣ 2 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው የሚያየው። አንድ ሰዓት ቀላል ይመስላል፤ ገጸ ባሕርይዋን በብርሃን ከሥራ አውጥታ በጨለማ ወደ ቤት ለምትመልስ ደራሲ ግን ትዕይንቱን ሁሉ ይለውጥባታል።

እስቲ በዚህ ሙቀት ላይ ትንሽ እንቆይ፤ አንድን ዓመት አጥብቆ መያዝ ምን እንደሚያስገኝ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። በዚያ ኦገስት የወደብ ወዛደሮች ሥራ አቆሙ፣ ወዲያውም የባቡር ሠራተኞች በአገር አቀፍ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ አድማ መቱ። ከቴምዝ ወንዝ በስተ ደቡብ በምትገኘው በርመንዚ ደግሞ በማርማላታና በብስኩት ፋብሪካዎች የሚሠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች በዚያው ሙቀት ከየፋብሪካው ወጥተው አደባባይ ሞሉ። በእነዚያ ሴቶች ቤት ውስጥ ወተት ማቀዝቀዣ አልነበረም። ወተቱ ጎመዘዘ፣ ዝንብ በዛ፣ የሕፃናት ተቅማጥ ተዛመተ፤ በእንግሊዝና በዌልስ በዚያ ዓመት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት 130 ያህሉ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱ፣ ቀዝቀዝ ባለው በ1912 ግን ቁጥሩ ወደ 95 ወርዷል። የአየር ጠባይን ለማስዋቢያ ብቻ የሚጠቀም ጸሐፊ ይህን ሁሉ ሳያይ ያልፋል። የልጅቱ አሽከር ቤት የተከራየው በበርመንዚ ከሆነ፣ በኦገስት ሌሊት ከግድግዳው ባሻገር የሚሰማው ልቅሶ ከየት እንደ መጣ ደራሲዋ ማወቅ አለባት።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። በመጀመሪያው ረቂቄ ውስጥ አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ወደ ክፍሏ ገብታ መብራት «አበራች» ብዬ ጽፌ ነበር። ወደ ቤተ መጻሕፍታችን ትመጣ የነበረች፣ በልጅነቷ ያን ዓመት የኖረች አንዲት አሮጊት ገጹን ካነበብኩላት በኋላ ዝም ብላ ቆየችና፣ እናቷ ከምድጃው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ የፔኒ ሳንቲሞች ደርድራ ታኖር እንደ ነበር ነገረችኝ። የድሀ ቤት የሚበራው በቧንቧ በሚመጣ ጋዝ ነበር፤ የጋዙ ቆጣሪ ፔኒ ይጎርሳል፣ የአንዷ ፔኒ ጋዝ ሲያልቅ ቤቱ በእራት መካከል ይጨልማል፣ ሌላ ፔኒ ከሌለም ጨልሞ ያድራል። ያን ቀን እቤቴ ሄጄ ምዕራፉን ከመጀመሪያው ጻፍኩት። የተለወጠው አንድ ግስ ብቻ አልነበረም፤ ሴትዮዋ ከጎረቤቷ ፔኒ የምትበደርበት ምክንያት ተገኘ፣ ከብድሩም ጠቡ፣ ከጠቡም የታሪኩ ግማሽ ተወለደ።

ገንዘቡን እንደ ልጆቹ በቃላችሁ ያዙት፤ 12 ፔኒ አንድ ሺሊንግ፣ 20 ሺሊንግ አንድ ፓውንድ ነው፣ ይህም አቆጣጠር እስከ ፌብሩዋሪ 1971 ዘልቋል። ወደ ዛሬ ገንዘብ መመንዘር ብዙ አይረዳችሁም፤ የሚረዳችሁ የአንድን ቤተሰብ ሳምንት ማወቅ ነው። ለዚህ ከ1909 እስከ 1913 በላምቤዝ ሰፈር በሳምንት አንድ ፓውንድ ገደማ በሚገባበት ቤት የሚኖሩ እናቶችን የጎበኙት የሞድ ፔምበር ሪቭዝና የባልደረቦቿ ጥናት የሚተካከለው የለም፤ እናቶቹ ያወጡትን እያንዳንዱን ፔኒ በደብተር ጽፈዋልና። እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ የቀብር መድን ክፍያ ነው። ልጅ የሚበላው ባጣበት ሳምንት እንኳ ለእያንዳንዱ ልጅ አንዲት ፔኒ ለቀብር ትከፈላለች። አበሻ አንባቢ ይህን ሲያይ እድር ትዝ ይለዋል፣ ትዝ ማለቱም መልካም ነው፤ ነገር ግን ልዩነቱን አሳዩት። ፔኒዋን የሚሰበስበው በየሳምንቱ በር የሚያንኳኳ የኩባንያ ሰው ነው፣ ሐዘን በደረሰ ጊዜም ድንኳን የሚተክል፣ አስከሬን የሚሸከም ማኅበር ከኋላው የለም።

ቃላት የተገጣጠሙ እየመሰላችሁ የምትሳሳቱበት ቦታ ብዙ ነው። «ከሰል» ብላችሁ ከተዋችሁት አንባቢያችሁ የቡና ማንደጃውን ያስባል፤ ለንደንን ያጠቆረው ግን የድንጋይ ከሰል ነው፣ ጢሱም ጥላሸቱም ሌላ ነው። የሠራተኛው ቤተሰብ አመሻሽ ላይ «ሻይ» የሚለው ዳቦውና ማርገሪኑ፣ ሲገኝም ዓሣው የሚቀርብበት ሙሉ ማዕድ እንጂ ስኒ ብቻ አይደለም። ከሁሉም የሚከብደው ግን የአክብሮት አነጋገር ነው። እንግሊዝኛው «አንተ»ንም «እርስዎ»ንም በአንድ ቃል ይላል፤ እናንተ ግን በአማርኛ አንድም ንግግር ሳትወስኑ መጻፍ አትችሉም። ይህን እንደ ችግር አትዩት፤ ያ ኅብረተሰብ ማዕረግን የሚናገረው በተውላጠ ስም ሳይሆን በስም አጠራር ስለሆነ፣ አማርኛችን እነሱ በሌላ መንገድ ያሉትን በግልጽ እንድንለው ዕድል ይሰጠናል። በትልልቅ ቤቶች የወጥ ቤቷ አዛዥ ባል ባይኖራትም እንኳ «ወይዘሮ» ትባላለች፤ ታናሽዋ ገረድ ግን በመጠሪያ ስሟ፣ አንዳንዴም እመቤቷ ለመጥራት እንዲቀላት ባወጣችላት በሌላ ሰው ስም ትጠራለች። ስሟን የተነጠቀችውን ልጅ እመቤቷ «አንቺ» ትበላት፤ የወጥ ቤቷ አዛዥስ ምን ትበላት? እኔ በዚህች አንዲት ጥያቄ ላይ ሳምንታት አሳልፌያለሁ፣ መልሱም ከቤት ወደ ቤት ይለያያል።

ለንደንን ነጭ ብቻ አድርጋችሁ እንዳትስሉም እለምናችኋለሁ። በወደቡ አካባቢ የህንድና የሶማሌ መርከበኞች ይኖሩ ነበር፤ ከእንግሊዝ ቤተሰቦች ጋር ከህንድ መጥተው ሜዳ ላይ ለተጣሉ ሞግዚቶች በሃክኒ ሰፈር መጠለያ ነበር፤ በዚያው በ1911 ጁላይ መጨረሻም ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ሰዎች ስለ ዘር እኩልነት የመከሩበት ዓለም አቀፍ ጉባኤ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ተካሂዷል። አንድ ኢትዮጵያዊ በጎዳናው ላይ ሲሄድ ሰዎች ዞር ብለው ሊያዩት ይችላሉ፤ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው አድርጎ መጻፍ ግን ስሕተት ነው።

ምንጮቹን በአጭሩ ልጥቀስ። የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የዘመኑን ዝርዝር ካርታዎች በኢንተርኔት በነፃ ያሳያል፤ የቻርልስ ቡዝ የድህነት ካርታም እያንዳንዱን የለንደን መንገድ ከድሀው ጥቁር እስከ ባለጸጋው ቢጫ በቀለም ይለያል፣ ምንም እንኳ ከ1911 ከአሥር ዓመት በላይ ቢቀድምም። የለንደን ዋናው የወንጀል ፍርድ ቤት፣ የኦልድ ቤይሊ፣ መዝገብ እስከ 1913 ድረስ በነፃ ይነበባል፤ የሌባውም የዓሣ ሻጯም ቃል እዚያ አለ፣ ጸሐፊው አሳጥሮና አስተካክሎ እንደሚጽፍ ሳትዘነጉ አንብቡት። ፎቶግራፎችን ስታዩ ሰዎቹ ለመነሣት የቆሙ መሆናቸውን አስታውሱ።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው የሕዝብ ቆጠራውን ቅጽ ነው። ቆጠራው የተካሄደው እሑድ ኤፕሪል 2 ቀን 1911 ሌሊት፣ የልጅቱ አሽከር ከመድረሱ ሦስት ወር ሳይሞላ ነው፤ ስለዚህ እሱን በመዝገቡ ባታገኘውም፣ የሚከራይበትን ቤት ሰዎች ከነስማቸው፣ ከነሥራቸውና ከክፍሎቻቸው ቁጥር ጋር ታገኛቸዋለች። የመምረጥ መብት የተነፈጉ ብዙ ሴቶች በዚያ ሌሊት አንቆጠርም ብለው ከቤታቸው ወጥተው አድረዋል፤ ኤሚሊ ዊልዲንግ ዴቪሰን ፓርላማው ውስጥ ባለ አንድ ጸሎት ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ተደብቃ አደረች። ከዘውዱ በዓል አምስት ቀን ቀደም ብሎም ወደ 40,000 የሚሆኑ ሴቶች በለንደን ጎዳናዎች ተሰልፈዋል፤ የእኛ መልእክተኞች የገቡባት ከተማ ይህች ናት።

በእንግሊዝ ቆጠራ ታሪክ የየቤቱ ባለቤት በገዛ እጁ የሞላው ቅጽ ሳይጣል የተቀመጠው ከዚያ ዓመት ጀምሮ ነው። ስለዚህ የምታነቡት የመንግሥት ጸሐፊን ሳይሆን የአንድ ጫኝን፣ የአንዲት ልብስ አጣቢን የእጅ ጽሑፍ ነው፤ የፊደል ስሕተቱ፣ የቀለሙ ነጠብጣብ ሳይቀር አለ። ቅጹ ያገቡ ሴቶችን ስንት ልጅ በሕይወት እንደ ወለዱ፣ ስንቱ እንዳሉ፣ ስንቱ እንደ ሞቱ ይጠይቃል። የሚፈለገው ቁጥር ብቻ ነበር። በብዙ ቅጾች ላይ ግን አባትየው የሞቱትን ልጆች ስም ከነዕድሜያቸው ከሕያዋኑ ጋር አብሮ ጽፎ ታገኛላችሁ፤ ቅጹን ያረመው ሰውም በዚያ ስም ላይ በቀይ ቀለም መስመር አስምሮበታል። ስሙ ከመስመሩ ሥር አሁንም ይነበባል። ልጄ ሆይ፣ አሽከርሽ በሰኔ ወር ሻንጣውን ይዞ ደረጃውን ሲወጣ በሩን የምትከፍትለት የዚያ ቤት እናት ናት፤ ባሏ በኤፕሪሉ እሑድ ማታ ያን ስም ሲጽፍ ከጎኑ ቁጭ ብላ ምን እንዳለችው አስቀድመሽ ወስኚ።