መልስ፦ አሰልጣኙ ልጄን ለብቻው በመኪናው ቤት ቢያደርስልኝስ?
እህቴ፣ አሰልጣኙ የ10 ዓመት ልጅሽን ለብቻው በመኪናው ላድርስልሽ ማለቱና ለልጁም በዋትሳፕ መጻፉ ከንክኖሽ ጠይቀሻል። ልክ ነሽ፣ ይሉኝታ አይያዝሽ። እዚህ እንግሊዝ በኤፍኤ (የእንግሊዝ እግር ኳስ ማህበር) ስር ያለ የልጆች ክለብ ዌልፌር ኦፊሰር፣ ማለትም የልጆችን ደህንነት የሚከታተል ሰው፣ ሊኖረው ግድ ነው። ማን እንደሆነ ጠይቂና ንገሪው። አሰልጣኙም በየ3 ዓመቱ የሚታደስ የዲቢኤስ ማጣሪያ (የወንጀል ሪከርድ ምርመራ) ያስፈልገዋል፣ ግን ወረቀቱ የትናንትን እንጂ የነገን አያሳይም። የእኔ ልጅ ክለብ ውስጥ መልእክት የሚመጣው በወላጆች ግሩፕ ብቻ ነው። አንዴ ባቡር ዘግይቶብኝ 40 ደቂቃ አርፍጄ ስደርስ፣ ሁለት አሰልጣኞች በዝናብ ከልጄ ጋር ቆመው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው፤ አንዱ ብቻውን አልቀረም። ክለቡ ነገሩን ካድበሰበሰው ኤንኤስፒሲሲ (ልጆችን ከጥቃት የሚከላከል የበጎ አድራጎት ድርጅት) ጋ ደውይ፣ 0808 800 5000። ልጁን ግን እንዳትቆጪው፣ መልእክቶቹንም እንዳታጠፊ።