ግሡ ምን ይላል፦ ለቀሻል ወይስ አሁንም አለሽ?

ጥያቄ፦ በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ አለኝ። ከሐምሌ 2013 እስከ ሰኔ 2016 ቀፊራ አካባቢ በአንድ የጅምላ መደብር ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። ከጥር 2017 ወዲህ በአንድ የትራንዚተር ቢሮ ረዳት ሆኜ እየሠራሁ ነው። አሁን በድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጣና ለሚሠራ የጭነት አስተላላፊ ድርጅት በእንግሊዝኛ ላመለክት ነው። «አይ ወርክድ» እና «አይ ሃቭ ወርክድ» ይምታቱብኛል። የጻፍኩትን ልኬያለሁ። (ከሳቢያን)

መልስ፦ እኅቴ፣ ማመልከቻሽን ደግሜ አነበብኩት። የሥራ ልምድሽ ለቦታው የሚመጥን ነው፤ ግሦችሽ ግን ሌላ ታሪክ ያወራሉ። ስለ መደብሩ «አይ ሃቭ ወርክድ አዝ ካሸር ፍሮም 2013 ቱ 2016»፣ ስለ አሁኑ ቢሮ ደግሞ «አይ አም ወርኪንግ አዝ አሲስታንት ሲንስ 2017» ብለሻል። ሁለቱም በአማርኛ ልክ ናቸው፤ ችግሩም የመጣው ከዚያው ነው። እኛ «ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ» ስንል ለቅቀን ሊሆን ይችላል፣ እዚያው እያለንም ሊሆን ይችላል፤ ሰሚው ከነገሩ ይረዳዋል። እንግሊዝኛ ግን በግሡ ይለየዋል። «አይ ወርክድ ዜር ፎር ስሪ ይርስ» ያለ ሰው ለቅቋል፤ «አይ ሃቭ ወርክድ ሂር ፎር ስሪ ይርስ» ያለ ዛሬም በቦታው አለ።

ስለዚህ የሕጉን ስም ከመሸምደድ ይልቅ አንድ ነገር ጠይቂ፦ ጊዜው ተዘግቷል? ያለቀበት ዓመት ከተጻፈ ወይም «ላስት ይር» ካልሽ ተዘግቷልና «ሃቭ» ይውጣ። ገንዘብ ተቀባይነትሽ «አይ ወርክድ አዝ ኤ ካሸር» ይሁን፤ «ኤ» የምትለዋንም አትርሺ። «አይ ሃቭ ግራጁዌትድ ላስት ይር» የሚለው የብዙ ተመራቂዎች ስህተትም በዚሁ ይታረማል።

የአሁኑ ሥራሽ ተቃራኒው ነው። ባለፈው ጊዜ ተጀምሮ እስከ ዛሬ ለቀጠለ ሥራ «አይ አም ወርኪንግ» አይበቃም፤ «አይ ሃቭ ቢን ወርኪንግ አዝ አን አሲስታንት ሲንስ ጃንዋሪ 2025» በይ። «ሲንስ» የተጀመረበትን ቀን ይፈልጋል፣ «ፎር» ደግሞ የጊዜውን ርዝመት። «ሲንስ ቱ ይርስ» አይባልም። በሥራ ልምድ ዝርዝሩ ላይ ግን «አይ» ሳይጻፍ በግሥ መጀመር የተለመደ ነው፦ ለለቀቅሽው «ፕሪፔርድ»፣ ላለሽበት «ፕሪፔር»።

ጥር 2017ን ለምን ጃንዋሪ 2025 እንዳደረግኩት ሳታስተውዪ አትቀሪም። ከግሡ ይልቅ ያሳሰበኝ ይህ ነው። የውጭ አገር ሥራ አስኪያጅ «2013» ሲያነብ የራሱን 2013 ነው የሚያስበው። በእርሱ ዓይን መደብሩን በ2016 ለቀሽ፣ የአሁኑን ሥራ በ2017 ጀመርሽ፤ ማለትም በአንድ ቢሮ ብዙ ዓመት የቆየሽ ነባር ሠራተኛ ነሽ። የልደት ዘመንሽ በፓስፖርት አቆጣጠር ሲታይ ደግሞ ገና በልጅነትሽ የተቀጠርሽ ትመስያለሽ። ያኔ ግሥሽ ቢያምርም እምነት ይጎድላል። መደብሩ ከጁላይ 2021 እስከ ጁን 2024 ይጻፍ። ቀጣናው ራሱ እኛ ነሐሴ 2014 ተመረቀ የምንለው፣ በእነርሱ ሰነድ ኦገስት 2022 ነው።

ኮምፒውተር ቤት ሄደሽ የሌላ ሰው ደብዳቤ አስገልብጠሽ ስምሽን እንዳታስገቢበት አጥብቄ እለምንሻለሁ። ቃለ መጠይቅ ላይ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። እዚያ የጠያቂውን ግሥ አዳምጪ፤ መልሱን ግማሽ ይሰጥሻል። «ሃው ሎንግ ዲድ ዩ ወርክ ዜር?» ካለሽ ስለ መደብሩ ነው፤ «አይ ወርክድ ዜር ፎር ስሪ ይርስ» በይ። «ሃው ሎንግ ሃቭ ዩ ቢን ወርኪንግ ዜር?» ካለሽ ስለ ትራንዚተሩ ቢሮ ነው፤ በ«አይ ሃቭ ቢን» ጀምሪ። ሁለቱን ጥያቄዎች ሰው እያቀያየረ እንዲጠይቅሽ አድርጊና ድምፅ አውጥተሽ መልሺ፤ ጽሑፍ ብቻ አያለማምድም።

መደብሩ የሰጠሽ የሥራ ልምድ ማስረጃ በእኛ አቆጣጠር ስለተጻፈ ከማመልከቻሽ ጋር የሚጋጭ ይመስላል። ስታያይዢው በማመልከቻው ግርጌ የማስረጃው ቀኖች በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን በአንድ መስመር ግለጪ። ትርጉም ከተጠየቅሽም ተርጓሚው ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ወሩንም መቀየሩን ራስሽ አመሳክሪ።