ድምፅ የሌላቸው ካውቦዮች የእውነት ፈረሰኞች ነበሩ?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ አዘጋጆች፣ የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። አባባ የካውቦይ ፊልም ሲወዱ አይጣል ነው፣ ሰሞኑን ዩቲዩብ ላይ ድምፅ የሌላቸውን የድሮዎቹን ከፍቼላቸው አብረን እያየን «እነዚህ ሰዎች የምር ፈረስ ያውቃሉ ወይስ ማስመሰል ነው?» ብለው ጠየቁኝ፣ መልስ አጣሁ። ደሞ የቶም ሚክስን ብፈልግ ብፈልግ ያገኘሁት ጥቂት ነው፣ ለምንድነው?

መልስ፦ የፈረስ አገር ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው የጠየቁት፣ በጣም ደስ ብሎናል። መልሱ እንደየሰውየው ነው። የመጀመሪያው የካውቦይ ስታር ብሮንኮ ቢሊ አንደርሰን በ1903 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) «ታላቁ የባቡር ዘረፋ» ላይ ሲጫወት ፈረስ ላይ መቀመጥ እንኳን በቅጡ አይችልም ነበር፣ ፊልሙም የካውቦዮቹ አገር የሚባለው የአሜሪካ ምዕራብ ምናምን የለውም፣ የውጪው ትዕይንት የተቀረፀው ኒው ጀርሲ ነው።

ዊልያም ሃርት ደግሞ ሼክስፒር ሲጫወት የኖረ የመድረክ ተዋናይ ነው፣ ፊልም የጀመረው በ1914 ወደ 50 ዓመቱ ተጠግቶ ነው፣ ግን ልብሱም አቧራውም ሰፈሩም እውነተኛውን እንዲመስል የሚጨነቅ ሰው ስለነበር ዛሬም ስታየው ታምነዋለህ። ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው፣ ድምፅ በሌለበት ሁሉን ነገር በፊቱ ነው የሚነግርህ፣ በ1916 የሠራው «ሄልስ ሂንጅስ» ላይ ከተማዋ ስትነድ አይኑን ብቻ ተመልከት።

የምር ጋላቢ ከተባለ ቶም ሚክስ ነው። ኦክላሆማ ውስጥ 101 ራንች የሚባል ትልቅ የከብት እርባታ ትርዒት ላይ ሠርቷል፣ ስታንቱንም፣ ማለትም አደገኛውን ዝላይና ግልቢያ፣ አብዛኛውን ራሱ ነው የሚሠራው። ኩባ ዘምቶ ተዋግቷል የተባለው ግን ለማስታወቂያ የተወራ ነው፣ ወታደር ነበር እንጂ ከአሜሪካ አልወጣም። ፈረሱ ቶኒ ራሱ ስታር ነበር፣ ስሙ ፖስተር ላይ ይወጣል፣ በ1927 ሆሊውድ ቻይኒዝ ቲያትር ደጃፍ ሲሚንቶ ላይ የሚክስ እጅ ሲታተም የቶኒም ኮቴ አብሮ ታትሟል፣ አፄ ምኒልክን አባ ዳኘው ብሎ በፈረስ ስማቸው ለሚጠራ የሸዋ ሰው ይሄ ብዙም አይገርምም መቼም።

ፊልሞቹ የጠፉት በእሳት ነው። የዛን ጊዜ የፊልም ጥቅል የሚሠራው ናይትሬት ከሚባል ቶሎ የሚቀጣጠል ነገር ነው፣ ሙቀት ሲበዛበት ራሱን በራሱ ያቀጣጥላል፣ እና በ1937 በጋ ላይ ኒው ጀርሲ ሊትል ፌሪ ያለው የፎክስ ኩባንያ መጋዘን ተቃጥሎ የሚክስ ምርጥ ምርጥ ሥራዎች አብረው ሄዱ፣ ያሳዝናል። ደሞ ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ስቱዲዮዎቹ ራሳቸው አሮጌውን ምን ያደርግልናል ብለው ብዙውን ጥለውታል።

ለአባባ አንድ ብቻ ምረጥ ካልከን የሃርትን «ታምብልዊድስ» ክፈትላቸው፣ የ1925 ነው፣ ኦክላሆማ ላይ መሬት ለመያዝ ሕዝቡ በፈረስና በጋሪ አንድ ላይ ሲለቀቅ ያለውን ግልቢያ ፈረስ የሚያውቅ ሰው ሳያይ መቅረት የለበትም። ካገኘህ በ1939 እንደገና የወጣውን ፈልግ፣ ሃርት መጀመሪያው ላይ ካሜራ ፊት ቆሞ በራሱ ድምፅ ይናገራል።