«ኦፕቴን ሞቷል፣ እኔስ?» ላልሽኝ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። የአምስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ምህንድስና ተማሪ ነሽ። መብራት ቢጠፋም የያዘውን የማይረሳ ሚሞሪ በማይክሮከርነል (ዋና ዋናውን ብቻ የያዘ ትንሽ የኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት) ላይ ማሠራት ነው የመመረቂያ ሥራሽ። ኢንቴል ኦፕቴን የሚለውን እንዲህ ያለ ሚሞሪውን እ.ኤ.አ. በ2022 መተዉን ስትሰሚ ግን ደነገጥሽ። ውጭ አገር ማስተርስ ልሂድ ወይ ብለሽም ጠይቀሽኛል። ኪራይሽን የሚከፍሉልሽ አጎትሽም «ይሄን ተይና ዌብሳይት ሥሪ» ይሉሻል።

ዕቃው ሞቷል፣ ልክ ነሽ። ችግሩ ግን አልሞተም።

እኔ ሥራ የጀመርኩት ዳታቤዝ ጠባቂ ሆኜ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት መብራት ሄደ፤ ጄነሬተሩም እምቢ አለ። መብራቱ ሲመለስ ግማሹ የተጻፈ፣ ግማሹ ያልተጻፈ ሂሳብ ጠበቀን። ሦስት ሌሊት ከወረቀት ጋር አመሳከርን። ከዚያ ወዲህ ሰው ስቀጥር «እየጻፍክ መሃል ላይ መብራት ቢሄድስ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኛው ዝም ይላል።

አንቺ ዝም አትይም። ፕሮግራሙ «ጻፍኩ» ሲል መረጃው ገና ካሽ (መብራት ሲሄድ የሚጠፋው የፕሮሰሰሩ ጊዜያዊ ማቆያ) ውስጥ ሊሆን እንደሚችል ታውቂያለሽ። በኢንቴል ማሽን ላይ መብራት ቢሄድም ግማሹ ተጽፎ ግማሹ አይቀርም ብለሽ የምትተማመኚው 8 ባይት ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መረጃውን ጽፈሽ ከካሽ ታስወጫለሽ፤ «ተጠናቋል» የምትለዋን ምልክት የምታስቀምጪው ከዚያ በኋላ ነው።

በማይክሮከርነል ደግሞ ፋይል የሚያደራጀው ፋይል ሲስተምም ዕቃውን የሚያዘው ድራይቨርም ከከርነሉ (ከእምብርቱ) ውጭ እንደ ተራ ፕሮግራም ይሠራሉ። አንዱ ቢወድቅ እሱን ብቻ ማስነሳት ነው። ሚሞሪው የማይረሳ ሲሆን ግን ስህተቱንም አይረሳም! «አጥፍተህ አብራው» የምንላት የሁላችንም መድኃኒት እዚህ አትሠራም። ሥራሽን እዚችው ላይ አጥብቢው፤ ወድቆ የተነሳ ፕሮግራም የድሮ መረጃውን በምን ያምናል?

ዕቃ አትግዢ። ሴል4 (seL4) የሚባለው ማይክሮከርነል ኮዱ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ኪውኢሙ (QEMU) የሚባለው ኮምፒውተር አስመሳይ ፕሮግራምም ሚሞሪውን በነጻ ያስመስልልሻል። መብራት ሲሄድ ካሽ ውስጥ ያለው መጥፋቱን ግን አያሳይሽም፤ የትኛው ጽሑፍ እንደሚጠፋ እየመረጥሽ ራስሽ ፈትኚው።

አጎትሽ ኪራይሽን ስለከፈሉ አመስግኚያቸው። ሙያሽን ግን በኪራዩ አልገዙትም። በሦስት ወር ኮርስ ዌብሳይት የሚሠራ ስንት ሰው ሥራ ፈልጎ እንደሚዞር ይጠይቁ። ይሁንና አዲስ አበባ ላይ «የማይክሮከርነል ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ አትጠብቂ። የባንክ ወይም የቴሌኮም ዳታቤዝ ክፍል አመልክቺ፤ የተማርሽው እዚያ በየቀኑ ይፈለጋል።

የውጭ አገር ማስተርሱ ኮዱ እስኪያልቅ ይቆይ።

ሲቪሽ ላይ ደግሞ «ኦፕቴን» አትበይ። «መብራት ሲቋረጥ መረጃ እንዳይበላሽ የሚያደርግ ሥራ ሠርቻለሁ» ብለሽ ጻፊ።