ዶት ኮሙ ተይዟል፣ የቱን እንያዝ?

የአንባቢ ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። ሁለት ሆነን ለትንንሽ ቢዝነሶች ሚሆን የሂሳብ መያዣ ሶፍትዌር እየሰራን ነው። ስሙን ከስንት ክርክር በኋላ መረጥን፣ ሎጎ ሁላ አሰራን፣ ከዛ ዶሜይን (የዌብሳይቱን አድራሻ) ልንገዛ ስንል ዶት ኮሙ ተይዟል። ገብተን ስናየው ባዶ ገጽ ነው፣ «ይሸጣል» ይላል፣ የተጠየቀው ዋጋ ደሞ አቅማችን አይደለም። ዶት አይኦ፣ ዶት ኤአይ እና ዶት ኮ ክፍት ናቸው። እኔ አይኦ ደስ ይለኛል፣ ጓደኛዬ ግን ኤአይ ካልሆነ ኢንቨስተር ዞር ብሎ አያየንም ባይ ነው፣ ሶፍትዌራችን ውስጥ ደሞ ኤአይ (ሰው ሰራሽ አስተውሎት) ሚባል ነገር ገና የለም። የቱን እንያዝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሶስቱ አንዱን መርጬልህ ብገላገል ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ለናንተ ስራ ሶስቱንም አልመርጥላችሁም። ለምን እንደሆነ ላስረዳህ።

እስቲ ስሙን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው በስልክ ንገረውና ጻፈው በለው። ዶት ኮ ብለኸውም ቢሆን ጣቱ ሳያስብ ዶት ኮም ብሎ ነው ሚጨርሰው። ዶት ኮም ከ1985 ጀምሮ (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው ምጽፈው) ያለ ነው፣ ከ150 ሚሊየን በላይ ስም ተመዝግቦበታል፣ ለብዙ ሰው ዌብሳይት ማለት ራሱ ዶት ኮም ማለት ነው። ኦቨርስቶክ ሚባለው የአሜሪካ የኦንላይን መደብር በ2011 ራሱን «ኦ ዶት ኮ» ብሎ መጥራት ጀመረ፣ ማስታወቂያ ለቀቀበት፣ ኦክላንድ ያለው ስታዲየም ሳይቀር በዚሁ ስም እንዲጠራ ከፈለ። ሰው ግን ማስታወቂያውን አይቶ ይሄድና ኦ ዶት ኮም ብሎ ይጽፋል፣ ያ አድራሻ ደሞ ባለአንድ ፊደል ስለሆነ ያኔ ለማንም አልተሰጠም ነበር፣ ስለዚ ደንበኛው የትም አይደርስም። በወራት ውስጥ ወደ ድሮው ስማቸው ተመለሱ። ያን ያህል ማስታወቂያ የሰውን ጣት ካላስለመደ እናንተ ሁለታችሁ በምን ታስለምዱታላችሁ?

ጎብኚ መጥፋቱ እንኳን ቀላሉ ነው፣ እኔን ሚያሳስበኝ ኢሜይሉ ነው። ከዓመታት በፊት ምሰራበት የነበረ ድርጅት አድራሻው ዶት ኮ ነበር። ዶት ኮሙን የያዘው ሌላ ሰው ሰርቨሩን በዛ ስም ለሚመጣ ማንኛውም ኢሜይል ክፍት አድርጎት ነበርና ደንበኞቻችን ተሳስተው መጨረሻው ላይ «ም» ሲጨምሩበት ኢሜይሉ አልደረሰም ተብሎ አይመለስላቸውም፣ ላኪው ደርሷል ብሎ ይቀመጣል፣ እኛም ምንም እንዳልተላከ ቁጭ እንላለን። ያወቅነው አንዷ ደንበኛ የፈረመችውን ኮንትራት ከላከች ሶስት ሳምንት ሆኗት «ምነው ዝም አላችሁኝ?» ብላ ስትደውል ነው። ከዛ በፊት ስንቱ እንደሄደ እስካሁን አናውቅም።

አሁን የናንተን ነገር አስበው። ሰዎች ደረሰኝ፣ የደሞዝ ሊስት፣ የባንክ ስቴትመንት ሚልኩላችሁ ሶፍትዌር ነው። ዶት ኮሙ ዛሬ ባዶ ገጽ ነው፣ ነገ ግን ማን እንደሚገዛው አይታወቅም፣ እናንተ እያደጋችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ለመጥፎ ሰው ዋጋው እየጨመረ ነው ሚሄደው። እኔ በበኩሌ የሰው ሂሳብ ለሚይዝ ስራ ይሄን አደጋ አልወስድም፣ በተለይ ዶት ኮን፣ ምክንያቱም ልዩነቱ አንድ ፊደል ናት።

አይኦ ደስ ይለኛል ላልከው፣ ብዙ ፕሮግራመር ይወደዋል፣ ገብቶኛል፣ ኢንፑት/አውትፑት ሚለውን፣ ማለትም ወደ ኮምፒውተር ሚገባና ሚወጣ መረጃን ስለሚያስታውስ ነው። ግን እነዚህ ባለሁለት ፊደል መጨረሻዎች በሙሉ የአገር ወይ የግዛት ኮዶች መሆናቸውን ማወቅ አለብህ። አይኦ ሚባለው የብሪታኒያ የህንድ ውቅያኖስ ግዛት ነው፣ ማለትም የቻጎስ ደሴቶች። ብሪታኒያ ደሴቶቹን ለሞሪሺየስ ለመመለስ መስማማቷን በጥቅምት 2024 እንደ ፈረንጆቹ አስታወቀች፣ በግንቦት 2025 ስምምነቱ ተፈረመ። አንድ ግዛት ኮዱ ከዓለም አቀፉ የአገር ኮዶች ዝርዝር ከወጣ ዶሜይኑም በሂደት እንዲዘጋ ደንብ አለ፣ ለተጠቃሚዎች ሚሰጠው መውጫ ጊዜ በመደበኛው 5 ዓመት ነው። የዩጎዝላቪያ ዶት ዋይዩ አገሪቷ ከፈረሰች በኋላ ቆይቶ በ2010 ተዘግቷል። በሌላ በኩል የሶቭየት ህብረት ዶት ኤስዩ አገሩ በ1991 ፈርሶ እስካሁን ይሰራል፣ ስለዚ አይኦ ነገ ይዘጋል እያልኩህ አይደለም። ዛሬ አዲስ ለሚጀምር ሰው ግን ያን ጥያቄ ከመጀመሪያው ተሸክሞ መጀመር ምን ያደርግለታል ነው ምልህ።

ኤአይ ደሞ የአንጉዊላ ነው፣ ካሪቢያን ያለች ትንሽ ደሴት። በ2023 ብቻ ከዶሜይን ምዝገባ ወደ 32 ሚሊየን ዶላር አግኝታለች፣ ከመንግስቷ ገቢ አንድ አምስተኛውን ያልፋል፣ ስለዚ ነገሩን በደንብ እንደምትጠብቀው እገምታለሁ፣ ከአይኦ ይልቅ በሱ እተማመናለሁ። ስትመዘገብ ግን ቢያንስ የ2 ዓመት ነው ሚያስከፍልህ፣ ዋጋውም ከዶት ኮም በጣም ይበልጣል። የኔ ችግር ሌላ ነው፣ ሶፍትዌራችሁ ውስጥ ኤአይ የለም ብለሃል። ኢንቨስተሩ አድራሻውን አይቶ ሚጠይቃችሁ የመጀመሪያ ጥያቄ ኤአዩ የት አለ ነው ሚሆነው፣ ያኔ ጓደኛህ ምን ሊመልስ ነው? ስራችሁ ያልሆነውን ነገር በራችሁ ላይ አትጻፉ።

እና ምን ይደረግ? ስሙን ሳትለቁ ፊቱ ወይ ኋላው ላይ አንድ አጭር ቃል ጨምሩና ዶት ኮም ያዙ። ድሮፕቦክስ ሲጀምር ጌትድሮፕቦክስ ነበር። ቴስላ እስከ 2016 ድረስ ቴስላሞተርስ ዶት ኮም ነበር። ፌስቡክ ዘፌስቡክ ብሎ ጀምሮ አጭሩን ስም በ2005 በ200 ሺህ ዶላር ነው የገዛው፣ መጀመሪያ ሰራ፣ ብሩ ሲመጣ ገዛ። እናንተም ነገ አቅም ሲኖራችሁ ትገዙታላችሁ፣ ካልገዛችሁም ምንም አትሆኑም። ምትጨምሩትን ቃል ግን ጮክ ብላችሁ ስሙት፣ ሰው ሲሰማው ሁለት አይነት አጻጻፍ ሚመጣለት ከሆነ ተዉት፣ ሰረዝና ቁጥር ያለበትንም ተዉት። ስሙ በንግድ ምልክት የተመዘገበ እንዳይሆን ደሞ ፈትሹ፣ የንግድ ምልክት ባለቤት ከ1999 ጀምሮ ባለው የዶሜይን ክርክር ስርዓት ስሙን ሊወስድባችሁ ይችላል፣ የአድራሻው መጨረሻ ኮምም ይሁን ሌላ አያድናችሁም።

ዙም ዶት ዩኤስ ይዞ አይደል ወይ ያደገው ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ኖሽን ሚባለው የማስታወሻ መያዣ ሶፍትዌርም የሶማሊያን ዶት ኤስኦ ይዞ ነው ያደገው። ግን ሰው ወደ ዙም ሚገባው በተላከለት ሊንክ ነው፣ አድራሻውን በእጁ ሚጽፍ ብዙም የለም። የናንተ ደንበኛ ግን ስሙን ከሰው ሰምቶ ሚመጣ ነው።

ደንበኞቻችሁ ሁሉ አንድ አገር ውስጥ ከሆኑ የዛን አገር ኮድ መያዝም ጥሩ ነው፣ ሰው ያምነዋል፣ የምዝገባ ደንቡን ግን አስቀድማችሁ አንብቡ። ብሪታኒያ ከአውሮፓ ህብረት ስትወጣ ዶት ኢዩ የያዙ ብዙ ብሪታኒያውያን መመዘኛውን ስላላሟሉ ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ አድራሻቸው ቆሞባቸዋል። ጉግል ላይ ከፍ ለማለት ከሆነ ጭቅጭቁ ደሞ እሱን እርሱት፣ ጉግል አዲስም ሆነ አሮጌ ኤክስቴንሽን (የአድራሻ መጨረሻ) በመሆኑ ብቻ ቅድሚያ እንደማይሰጥ ተናግሯል።

የአንባቢ ጥያቄ፦ ለመጀመሪያ ዓመት በጣም ርካሽ ሚሸጡ አዳዲስ ኤክስቴንሽኖች አየሁ፣ ማለቴ እንደ ዶት ኤክስዋይዚ አይነት። የጉግል እናት ድርጅት አልፋቤት ራሱ ይጠቀምበታል ሲሉ ሰማሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ አልፋቤት በ2015 ኤቢሲ ዶት ኤክስዋይዚ ብሎ መጀመሩ ልክ ነው። ግን አልፋቤት በሱ አድራሻ ለማያውቀው ደንበኛ ኢንቮይስ አይልክም፣ አንቺ ትልኪያለሽ። ርካሽ ነገር አጭበርባሪም ይገዛዋል፣ አንዴ ይጠቀምበትና ይጥለዋል፣ በዛ ምክንያት አንዳንድ የስፓም ማጣሪያ እነዚህን መጨረሻዎች ገና ሲያይ ይጠረጥራል፣ ያንቺ ጥፋት ሳይኖር ኢሜይልሽ ስፓም ውስጥ ይገባል። ሌላው ደሞ የእድሳቱ ዋጋ ነው። ስትገዢ ሚታይሽ የመጀመሪያው ዓመት ነው፣ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ያለውን እዛው ገጽ ላይ በትንሽ ጽሁፍ ታገኚዋለሽ፣ ብዙ ጊዜ እጥፍ ድርብ ነው። ፕሪሚየም ሚል ካለበት እድሳቱም በየዓመቱ ፕሪሚየም ሊሆን ስለሚችል ከመክፈልሽ በፊት በጽሁፍ ጠይቂ። ደጋግሜ ምለው ነገር፣ የአምስት ዓመቱን ደምሪና አወዳድሪ።

ከአዲሶቹ ውስጥ ዶት አፕ እና ዶት ዴቭን አልጠላቸውም። ሁለቱንም ጉግል ነው ሚያስተዳድራቸው፣ ብራውዘሮች እነሱን በተመሰጠረ ግንኙነት ብቻ ነው ሚከፍቷቸው፣ ስለዚ የደህንነት ሰርተፍኬት ሳታስገቢ ሳይቱ ጭራሽ አይከፈትልሽም፣ ይሄን ካላወቅሽ ተበላሸ ብለሽ ቀኑን ሙሉ ትደክሚያለሽ።

የአንባቢ ጥያቄ፦ ዶሜይናችንን የገዛልን ሳይቱን የሰራልን ልጅ ነው፣ በሱ አካውንት። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው። እንተወው ወይስ እናዛውረው?

መልስ፦ ዛሬውኑ አዛውሩት። ጥሩ ልጅ ስልኩ ይጠፋል፣ ይታመማል፣ አገር ይቀይራል፣ የእድሳቱ ማስታወሻ ደሞ ለሱ ኢሜይል ነው ሚመጣው። በሬጂስትራሩ (ዶሜይኑን በሸጠው ድርጅት) ዘንድ ባለቤት ተብሎ የተጻፈው ማን ነው ሚለውን እዩ፣ በድርጅታችሁ ስም ይሁን። ልጁ ያለበት ሬጂስትራር ጋ የራሳችሁን አካውንት ክፈቱና ዶሜይኑን ወደዛ አካውንት ያዛውርላችሁ፣ ወደ ሌላ ሬጂስትራር መውሰድ ከፈለጋችሁ ግን የባለቤት ስም ከተቀየረ በኋላ እስከ 60 ቀን ሊቆለፍ ስለሚችል ቅደም ተከተሉን አስቀድማችሁ ጠይቁ። መግቢያ ኢሜይሉ ደሞ በዛው ዶሜይን ላይ ያለ ኢሜይል እንዳይሆን፣ ዶሜይኑ ከቆመ ኢሜይሉም አብሮ ይቆማል፣ ፓስወርድ መቀየሪያው ሊንክም አይደርሳችሁም።